ሁለት ጊዜ የተገኘው ዘይት

አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት እናት ወደ ፋርማሲ ገብታ «የዓሣ ዘይት አላችሁ?» ብትል ባለሙያው ጥያቄ አያበዛም። ልጇ ምግብ እምቢ ብሏል፤ አለዚያም ጉንፋኑ አልለቀው ብሏል። ጠርሙሱ ከመደርደሪያው ይወርዳል። ማታ ማንኪያው ሲቀርብ ልጁ አፉን ግጥም ያደርጋል። ሽታው ነው። ዘይቱ ልጅን ከበሽታ ይጠብቃል የሚለው እምነት ግን ሽታውን አሸንፎ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ታሪኩ ቀጥ ባለ መንገድ አልሄደም፤ ነገሩ ተገኘ፣ ተረሳ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንደ አዲስ ተገኘ። በመካከሉ ስንት ልጅ እንደሞተ የቆጠረ የለም።

መነሻው ከሰሜን ዋልታ ክበብ በላይ ያሉት የኖርዌይ ሎፎተን ደሴቶች ናቸው። በየዓመቱ ከጥር እስከ ሚያዝያ ኮድ የሚባለው ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ከባረንትስ ባሕር ወደዚያ ይጎርፋል። አጥማጆቹ ዓሣውን ጨው ሳይነኩት በእንጨት ቆጥ ላይ ሰቅለው በብርድና በነፋስ ያደርቁታል፤ ቋንጣ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ሥራ አይደለም። ደረቁ ዓሣ ለብዙ መቶ ዓመታት ወደ ደቡብ አውሮፓ ሲሸጥ ኖሯል። ጉበቱ ግን በስብ የተሞላ ስለሆነ አይደርቅም፤ በርሜል ውስጥ ይጣላል። ሳምንታት ሲያልፉ ጉበቱ ይበሰብስና ዘይቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። መጀመሪያ የሚቀዳው ገርጣ ያለ ነው፤ ቀጥሎ ቡናማው ይመጣል፤ የቀረው ዝቃጭ በእሳት ሲንተከተክ የሚወጣው ደግሞ ወደ ጥቁር ያደላል። ፋኖስ ይበራበታል፣ ቆዳ ይለፋበታል። የዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ ደግሞ ይጠጣዋል።

ይህ የድኃ መጠጥ ወደ ሐኪም ቤት የገባው በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በእንግሊዝ ማንቸስተር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመጀመሪያ የታዘዘው ለቁርጥማት ነበር። በ1841 እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሂውዝ ቤኔት በጀርመን አገር ያየውን ይዞ ስለ ዘይቱ መጽሐፍ ሲያሳትም፣ አጥንታቸው ለጎበጠ ልጆችና ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ማዘዝ ተለመደ። በ1850ዎቹ ደግሞ ፔተር ሞለር የተባለ ኖርዌያዊ መድኃኒት ቀማሚ ጉበቱ እስኪበሰብስ መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል ብሎ ትኩሱን ጉበት በእንፋሎት ማቅለጥ ጀመረ። ዘይቱ ጠራ፤ ሽታውም ቀነሰ። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

በ1848 ለንደን የሚገኘው የብሮምፕተን ሆስፒታል ሐኪሞች ከአንድ ሺህ በላይ የነቀርሳ ሕሙማንን በሁለት ወገን አስቀምጠው አነጻጸሩ። ዘይቱን ከወሰዱት መካከል በሽታው የቆመላቸው 18 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት ግን 6 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዛሬ መስፈርት ማነጻጸሪያው ጥብቅ አይደለም። ለነቀርሳ ሌላ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ግን ቀላል ውጤት አልነበረም። ለምን እንደሠራ የሚያውቅ አልነበረም፤ «ስብ ስለሆነ ያወፍራል» ከሚል ግምት የዘለለ መልስም አልተገኘም።

ጉበት በሌላ በኩልም ስም ነበረው። በአማርኛ ዳፍንት የሚባለውን ሕመም፣ ቀን ደህና የሚያይ ሰው ምሽት ላይ ዕቃና ሰው መለየት የሚያቅተውን፣ ሕዝቦች ሁሉ ያውቁታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ዓመት ገደማ የተጻፈ የግብፅ ፓፒረስ ለዓይን የበሬ ጉበት ያዛል። በሂፖክራተስ ስም የሚታወቁት የግሪክ ጽሑፎችም ጥሬ የበሬ ጉበት በማር ብላ ይላሉ። ስለዚህ የዓይን መድኃኒት አዋቂው ጉበትን ያውቃል፣ የሳንባ ሐኪሙም የጉበት ዘይትን ያውቃል። ሁለቱ አልተገናኙም።

ያገናኟቸው አይጦች ናቸው።

በ1907 ኤልመር ማክኮለም የተባለ ወጣት ኬሚስት በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ሲቀጠር ሥራው በጊደሮች መኖ ሙከራ ላይ ነበር። ላም ግን ብዙ ትበላለች፣ ለማደግም ዓመታት ትፈልጋለች። ማክኮለም አይጥ ይሻላል አለ። የኮሌጁ ዲን ነገሩ አላማረውም፤ አይጥ የገበሬ ጠላት ነው፣ በገበሬው ግብር አይጥ ይቀለባል ከተባለ ውርደት ነው። ማክኮለም መጀመሪያ ከፈረስ ጋጥ የዱር አይጥ ለመያዝ ሞከረ፤ ነካሾች ሆኑበት። በመጨረሻ ከቺካጎ በስድስት ዶላር አሥራ ሁለት ነጫጭ አይጦች ገዛ፤ ዋጋውንም እንደ ተናገረው ከኪሱ ከፈለ። አይጦቹን ትንከባከብ የነበረችው ማርገሪት ዴቪስ ለዓመታት ያለ ደመወዝ ሠርታለች። የቫይታሚን ታሪክ ሲወሳ ስሟ ከማክኮለም ቀጥሎ ከተጠራም እሰየው ነው።

በ1913 ሁለቱ ያሳተሙት ውጤት አጭር ነው። በአሳማ ስብ ወይም በወይራ ዘይት የሚመገቡ አይጦች ለጊዜው አድገው ይቆማሉ፣ ዓይናቸው ይታመማል፣ ይሞታሉ። ከቅቤ ወይም ከእንቁላል አስኳል ጥቂት ሲጨመርላቸው ግን እድገታቸው ይቀጥላል። ስብ ሁሉ ስብ አይደለም ማለት ነው። ኦዝበርን እና የዬል ዩኒቨርሲቲው ሜንደል የተባሉ ተመራማሪዎችም በዚያው ዓመት ወደዚያው ድምዳሜ ደረሱ፤ ብዙም ሳይቆይ ያ ነገር በዓሣ ጉበት ዘይት ውስጥ በብዛት እንዳለ ታወቀ። ማክኮለም ስሙን ስላላወቀ «በስብ የሚሟሟ ኤ» አለው፤ ፖላንዳዊው ካዚሚር ፈንክ ደግሞ በ1912 ለእንደዚህ ዓይነቶቹ ንጥረ ነገሮች «ቫይታሚን» የሚል ስም ፈጥሮ ነበር። ሁለቱ ሲጋጠሙ ቫይታሚን ኤ ተወለደ።

አይጥ ላይ የታየው ነገር በሰው ልጅ ላይ የተገለጠው ደግሞ ማንም ባልጠበቀበት አገር ነው። ዴንማርክ ያኔ አውሮፓን በቅቤ የምትመግብ ሀብታም የገበሬ አገር ነበረች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቅቤ በውጭ ገበያ ዋጋው ሰማይ ነካ። ቅቤው ወደ ውጭ ሄደ፤ ለድኃው ዴንማርካዊ ልጅ ማርጋሪንና ቅቤው የወጣለት ወተት ቀረለት። የኛ ሰው አሬራ የሚለው ዓይነት መሆኑ ነው፤ ያጠግባል፣ ቫይታሚን ኤው ግን ከቅቤው ጋር ሄዷል። የኮፐንሃገኑ የሕፃናት ሐኪም ካርል ብሎክ ዓይናቸው ደርቆ፣ ብሌናቸው ነጥቶና ቆስሎ የሚመጡ ሕፃናት እየበዙበት ሄዱ። ብዙዎቹ ዓይነ ስውር ሆነው ቀሩ። ብሎክ ግን ዓይን ላይ ብቻ አላተኮረም። እነዚሁ ልጆች የሳንባ ምች ይይዛቸዋል፣ ጆሯቸው ይመግላል፣ የሽንት ቧንቧቸው በጀርም ይጠቃል፣ ቀላል በሽታ ይጥላቸዋል። የዓሣ ዘይትና ሙሉ ወተት ሲሰጣቸው ዓይናቸው በቀናት ውስጥ ይድናል፤ ሰውነታቸውም ይጠናል።

ከዚያ ጦርነቱ ራሱ ማስረጃ አቀረበ። በ1917 የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ባሕሩን ሲዘጉ የማርጋሪን ጥሬ ዕቃ መግባት ቆመ፣ ቅቤም አገር ውስጥ ቀረ። በዚያው ዓመት ማብቂያ መንግሥት ቅቤን በራሽን አከፋፈለ፤ ድኃውም ድርሻውን አገኘ። በ1918 የዓይኑ በሽታ ጠፋ ማለት ይቻላል። እንግዲህ ከበባ ውስጥ ያለች አገር ልጆቿን አዳነች፤ ንግዱ ሲደራ ግን ታሳውራቸው ነበር።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ቀስ እያለ ተገለጠ። በ1925 ዎልባክና ሃው የተባሉ የሃርቫርድ ሰዎች ቫይታሚን ኤ የተነፈጉ አይጦችን ገላ በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ፣ የመተንፈሻ ቱቦ፣ የሽንት ቧንቧና የዓይን ውስጠኛ ልባስ እርጥበቱን አጥቶ እንደ ተረከዝ ቆዳ ደድሮ አገኙት። ጤነኛ ልባስ ንፍጥ ያመነጫል፤ ጀርሙ እዚያ ላይ ይጣበቅና ተጠርጎ ይወጣል። የደደረ ልባስ ግን እንደ ተሰነጠቀ ግድግዳ ነው። የኋላ ዘመን ምርምር ሌላም ጨመረ፤ ነጭ የደም ሴሎች እንዲበስሉ፣ ፀረ እንግዳ አካላት በአግባቡ እንዲመረቱ፣ አንጀትን የሚጠብቁ ሴሎችም መንገዳቸውን እንዲያገኙ ይኸው ቫይታሚን ያስፈልጋል። አጥሩም ዘበኛውም ከአንድ ጎተራ ይቀለባሉ፤ ጎተራውም ጉበት ነው።

በ1928 እንግሊዛውያኑ ግሪንና ሜላንቢ ጉዳዩን በግልጽ ስም ጠሩት፤ ቫይታሚን ኤን «ፀረ ልክፍት» አሉት። ቫይታሚኑ የጎደላቸው አይጦቻቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም የሞቱት በልክፍት ነበር። አራት ዓመት ቆይቶ ኤሊሰን የተባለ ሐኪም ለንደን በሚገኝ የወረርሽኝ ሆስፒታል 600 ኩፍኝ የያዛቸውን ልጆች እኩል ለሁለት ከፈላቸው። ለ300ው በቫይታሚን ኤ የበለጸገ መድኃኒት ሰጠ፤ ለ300ው አልሰጠም። ካልተሰጣቸው 26 ሞቱ፤ ከተሰጣቸው ግን 11። ጽሑፉ በ1932 በታወቀው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ታተመ፤ ማንም ሊያነበው ይችል ነበር።

እዚህ ላይ ታሪኩ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም፤ ተረሳ። አንደኛው ምክንያት የሳይንስ ድል ራሱ ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ የሰልፋ መድኃኒቶች መጡ፣ በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ተከተለ፤ ጀርሙን በቀጥታ የሚገድል እንክብል ባለበት ዘመን የልጁን ጓዳ ማን ይመረምራል? ሁለተኛው ምክንያት ገበያው ነው። «ፀረ ልክፍት» የሚለው ቃል የማስታወቂያ ሲሳይ ሆነ፤ ዘይቱ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ለማይጎድላቸው ልጆች ተሸጠ። በደንብ በሚበሉ ሰዎች ላይ ለጉንፋን ሲሞከር ውጤቱ የተምታታ ሆነ፤ ሞልቶ በሚፈስ ጋን ላይ ውኃ ቢጨምሩ ምን ይጠቅማል። ሐኪሞችም ነገሩ ሁሉ ወሬ ነው ብለው ፊታቸውን አዞሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ መንግሥት ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች የዓሣ ዘይትና የብርቱካን ጭማቂ አድሏል፤ ያም ለአጥንትና ለእድገት ተብሎ እንጂ ኤሊሰንን የሚያስታውስ አልነበረም። በ1940ዎቹ ማብቂያ ደግሞ ቫይታሚን ኤ በስዊዘርላንድ ፋብሪካ መሠራት ጀመረ። ዓሣውም ከሥራ ተሰናበተ።

ለሚቀጥሉት ሦስት አሥርት ዓመታት ቫይታሚን ኤ የዓይን ሐኪሞች ጉዳይ ብቻ ሆኖ ቆየ። እንደገና የተገኘውም በአንድ የዓይን ሐኪም እጅ ነው። አሜሪካዊው አልፍሬድ ሶመር ከ1976 ጀምሮ በኢንዶኔዥያ የብዙ ሺህ ልጆችን ዓይን በየሦስት ወሩ ለአንድ ዓመት ተኩል ተከታተለ። ዓላማው ዕውርነትን መረዳት ነበር። አገሩ ተመልሶ በ1982 ማብቂያ ቁጥሮቹን ሲያገላብጥ ግን አንድ ነገር አልገጥም አለው፤ ዳፍንት የነበረባቸው ልጆች ከክትትሉ እየጠፉ ነው። የጠፉት ሞተው ነው። በአማካይ ከሌሎቹ ልጆች በአራት እጥፍ ይሞቱ ነበር። ዳፍንት ምሽት ላይ መደናቀፍ ብቻ አልነበረም፤ የሞት ማስጠንቀቂያ ነበር።

በ1983 ይህን ሲያሳትም ብዙ የሚሰማው አላገኘም። በሱማትራ ደሴት ጫፍ ባለችው አቼህ፣ በ450 መንደሮች፣ ከ25,000 በላይ ልጆች ላይ ሙከራ አደረገ፤ በ1986 የወጣው ውጤት በዓመት ሁለት ጊዜ እንክብል በሚሰጥባቸው መንደሮች ሞት በ34 በመቶ ቀንሶ አሳየ። ከአንድ ሳንቲም ብዙም የማይበልጥ ነገር ይህን ያህል ያድናል መባሉ ባለሙያውን አስቆጣ። ተከራካሪዎቹ አገር መርጠው ሙከራውን ደገሙት፤ በኔፓል፣ በደቡብ ሕንድና በሰሜን ጋና ሞት ቀነሰ፣ በሱዳን ግን ለውጥ አልታየም። በ1993 ሁሉም አንድ ላይ ሲደመር አማካዩ 23 በመቶ ሆነ። ኋላ በሰሜን ሕንድ አንድ ሚሊዮን ልጆችን ያካተተ ሙከራ ያሳየው ቅናሽ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ክርክሩ እስካሁን አልሞተም። ልጆች የሚበሉትና የሚይዛቸው በሽታ ከአገር አገር ስለሚለያይ አንድ ቁጥር ለዓለም ሁሉ አይሠራም።

በኩፍኝ ላይ ግን ጥርጣሬው ጠቧል። በ1990 ከኬፕታውን የወጣው ጥናት 189 በኩፍኝ ክፉኛ የታመሙ ልጆችን ይዞ ነበር፤ ከሞቱት 12 ልጆች አሥሩ ቫይታሚኑን ያላገኙት ናቸው። ኤሊሰን በ58 ዓመት ቀድሟቸዋል። ምክንያቱ ዛሬ ግልጽ ነው፤ ኩፍኝ የልጁን የቫይታሚን ኤ ስንቅ አሟጦ ይበላል፣ ስንቁ ያለቀበት ልጅ ደግሞ ለሳንባ ምችና ለተቅማጥ ይጋለጣል። እንክብሉ ኩፍኝን አይከላከልም፤ ያ የክትባት ሥራ ነው። የያዘውን ልጅ ግን ከሞት ሊያተርፍ ይችላል።

ይህ ለኢትዮጵያ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በሰባ ሰባቱ ድርቅ ወደ ምሥራቅ ሱዳን በተሰደዱት ወገኖች መጠለያ ጣቢያዎች ከዋናዎቹ ሕፃናት ገዳዮች አንዱ ኩፍኝ ነበር። በ2000 በጎዴ አካባቢ በደረሰው ረሃብ የተደረገ ጥናት ደግሞ ከአምስት ዓመት በታች የሞቱ 159 ልጆችን መዝግቧል፤ 35ቱ፣ ማለትም 22 በመቶው፣ የሞቱት በኩፍኝ ወይም ኩፍኝና ክሳት ተባብረውባቸው ነው። «በረሃብ አለቀ» ሲባል አብዛኛው ሰው ባዶ ሆድን ያስባል፤ የልጅ ረሃብ ግን ብዙውን ጊዜ በበሽታ በኩል ነው የሚገድለው። ከ2004 ወዲህ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች በዓመት ሁለት ጊዜ ቫይታሚን ኤ በዘመቻ መስጠት የተጀመረው ይህን ሁሉ ተከትሎ ነው።

እንክብል ግን የምግብን ቦታ አይተካም፤ የሰጠው ስንቅ የወራት ነው። ጉበት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ወተት ዝግጁውን ቫይታሚን ይይዛሉ። ካሮት፣ ዱባ፣ ብርቱካናማ ስኳር ድንችና ጎመን የሚይዙት መነሻውን ነው፤ ሰውነት ራሱ ይለውጠዋል። ልውውጡ ግን ውድ ነው፤ አንድ እጅ ቫይታሚን ኤ ለማግኘት ከአትክልቱ አሥራ ሁለት እጅ ቤታ ካሮቲን ይጠይቃል፣ ስብ ከሌለበትም በአግባቡ አይዋጥም። «ጎመን በጤና» የሚለው ሰው የኑሮውን ነገር እንጂ የቫይታሚን ነገር አላሰበም፤ ሆኖም ጎመኑ ዘይት ወይም ቅቤ ከነካው አባባሉ ቃል በቃል እውነት ነው።

መብዛቱም ያጠፋል። በ1597 በኖቫያ ዘምልያ በረዶ ውስጥ የተጣበቁት የሆላንድ መርከበኞች የዋልታ ድብ ገድለው ጉበቱን በሉ፤ ጸሐፊያቸው ጌሪት ደ ቬር እንደ መዘገበው ክፉኛ ታመሙ፣ የሦስቱ ቆዳ ከራስ እስከ እግር ተላጠ። የዋልታ ድብ ጉበት ቫይታሚን ኤ ያለ ልክ የሚከማችበት ጎተራ ነው። ዛሬም ነፍሰ ጡር ሴት ቫይታሚኑን በብዛት እንዳትወስድ የምትመከረው ፅንሱን ሊጎዳ ስለሚችል ነው። በ1994 በፊንላንድ ከ29,000 በላይ አጫሾች ላይ የተደረገ ሙከራ ደግሞ ቤታ ካሮቲን በእንክብል የወሰዱት የሳንባ ካንሰር ቀንሶላቸው ሳይሆን በ18 በመቶ ጨምሮባቸው ተገኘ።

በሎፎተን አሁንም ጥር ሲመጣ ኮድ ይጎርፋል፣ ቆጡም ይሞላል። ወደ ኢትዮጵያ ገጠር የሚደርሰው እንክብል ግን ከዓሣ ጋር ዝምድና የለውም፤ የፋብሪካ ሥራ ነው። ሰማያዊው ዓመት ላልሞላቸው፣ ቀዩ ለበለጡት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጫፉን በመቀስ ቆርጣ ጠብታዎቹን በልጁ አፍ ውስጥ ትጨምቃለች፤ ልጁ ፊቱን ያኮማትራል፣ እናቱ አገጩን ይዛ እስኪውጥ ትጠብቃለች፣ ቀጣዩም ልጅ ይጠራል።